ከታርሶኒስ በፊት አንቲጋ ነበረች

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በባሕር ዳር ከተማ፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰቡ ክርክር ያካሂዳሉ። ሰሞኑን የመረጡት ርእስ አንዳንድ ወላጆችን ቅር ያሰኘ፣ እኔን ግን እጅግ ደስ ያሰኘ ነበር፤ «ስታርክራፍት» በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ሰዎች እርስ በርሳቸው በሚዋጉት ጦርነት ፍትሕ ከየትኛው ወገን ጋር እንደ ነበረች ለመወሰን ተሟገቱ። ሙግቱ በአባቶቻችን የበላ ልበልሃ ወግ እንዲሆን ስለ ተስማሙ፣ ተሟጋቾቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን ይዘው እየተነሡ አንደኛው ሌላውን «ተጠየቅ!» እያለ በግጥም ሲያጣድፈው ላየ ሰው፣ ርእሱ ከሰማይ ቢወርድም ሙግቱ የሀገር ቤት መሆኑን አይጠራጠርም ነበር። በመጨረሻ ተሰብሳቢው በእጅ ብልጫ ለአማፂዎቹ ፈረደ። በዚያ ዕለት ከዳኞቹ አንዱ ሆኜ ብቀመጥም ለዳኛ የተፈቀደው ጊዜ አጭር ስለ ነበር ከብዙኃኑ የተለየሁበትን ምክንያት በወጉ ሳላስረዳ ቀረሁ። ከተሟጋቾቹ ብዙዎቹ ይህን ጋዜጣ ስለሚያነቡ፣ ያልተናገርሁትን በዚህ ዓምድ እንድጽፍ እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

«ጨዋታ አይደለም እንዴ? ምን ያነጋግራል?» ለሚሉ አንባቢዎች አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ከተማችን ጦርነት ምን እንደ ሆነ ከጨዋታ የምትማር ከተማ አይደለችም። አንድ ወጣት ሚሊዮኖች የሞቱበትን ትእዛዝ ሲደግፍ ወይም ሲቃወም የሚያቀርበው ምክንያት የራሱ ምክንያት ነው፤ ሟቾቹ በልብ ወለድ የተፈጠሩ ቢሆኑም ምክንያቱ ከልቡ የወጣ ነው። ስለዚህ ምክንያቱን እንደ እውነተኛ ምክንያት ተቀብሎ መመርመር ተገቢ ይመስለኛል።

ጨዋታውን ለማያውቁ ታሪኩን ባጭሩ ላስረዳ። ስታርክራፍትን ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ በ2017 የመጀመሪያውን ቅጂ በነጻ ስለ ለቀቀው፣ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይም ስለሚሠራ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ ጨዋታው ሲወጣ ገና ካልተወለዱት ልጆቻችን እጅ ደርሷል። በታሪኩ ውስጥ ከምድር እጅግ ርቀው በሌሎች ፕላኔቶች ላይ የሰፈሩ የሰው ልጆች አሉ፤ ከነዚያ ፕላኔቶች የሚበዙትን የሚገዛው ኮንፌደሬሲ የሚባል መንግሥት ሲሆን መዲናው ታርሶኒስ ነች። ኮራል የምትባል ፕላኔት በዚህ መንግሥት ላይ ባመፀች ጊዜ፣ መንግሥቱ መጀመሪያ የአመፁን መሪ ሴናተር አንገስ ሜንግስክን ከሚስቱና ከሴት ልጁ ጋር በስውር ነፍሰ ገዳዮች አስገደለ፤ አመፁ በዚህ አልበርድ ሲል ደግሞ 1,000 የኑክሌር ሚሳይሎችን በፕላኔቷ ላይ አዝንሞ 35 ሚሊዮን ሕዝብ ፈጀ። በዚያች ቀን ከኮራል ውጭ በመሆኑ የተረፈው የሴናተሩ ወንድ ልጅ አርክተረስ ሜንግስክ «የኮራል ልጆች» የተባለውን አማፂ ጦር መሠረተ። የእርስ በርሱ ጦርነት በዚህ ሁኔታ ላይ እንዳለ ሁለት ባዕድ ዘሮች ይደርሳሉ፤ አንደኛው እንደ አንበጣ መንጋ ያረፈበትን ምድር ሁሉ የሚበላው ዘርግ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ዘርግ የደረሰበትን ፕላኔት ከነነዋሪው የሚያቃጥለው ፕሮቶስ ነው።

ለአማፂዎቹ የተከራከረው ወጣት ከሁሉ የበለጠ ተሟጋች እንደ ነበር መመስከር አለብኝ። ክርክሩን የጀመረው ከኮራል ሳይሆን ከማር ሳራ ነው። ማር ሳራ ዳር ላይ ያለች፣ ምንም ያላጠፋች ትንሽ ፕላኔት ነች፤ ተጫዋቹም ራሱ የዚህች ፕላኔት አስተዳዳሪ ሆኖ ነው ወደ ታሪኩ የሚገባው። ዘርግ በወረራት ጊዜ የአካባቢው ጸጥታ ኃላፊ ጂም ሬይነር በዘርግ የተበከለውን ጣቢያ ስላጠፋ፣ የኮንፌደሬሲው ጄኔራል ኤድመንድ ዱክ ሊያመሰግነው ሲገባ የመንግሥት ንብረት አወደምህ ብሎ እስር ቤት ከተተው፤ ሕዝቡንም ለዘርግ ጥሎት ሄደ። የደረሰለት ሜንግስክ ነው። ጨዋታውን የሚያውቁ ሰዎች ያንን ሦስተኛ ሚሽን፣ ማለትም የጨዋታውን ሦስተኛ ግዳጅ፣ አይረሱትም፤ የማዳኛዎቹ መርከቦች እስኪደርሱ ድረስ ሠላሳ ደቂቃ በሙሉ ከበባውን መቋቋም ግድ ነው፤ በዚያ ሠላሳ ደቂቃ ውስጥ የሚመጣው ረዳት ደግሞ «ሽብርተኛ» ተብሎ የሚታደነው ሰው ነው። ወጣቱ በትሩን መሬት እየመታ «መንግሥትህ ሲሸሽ ሽፍታው ደረሰልህ፤ ተጠየቅ፣ እናትህን የጫነው የማን መርከብ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ ባላጋራው መልስ አጥቶ ዝም አለ። እኔም መልስ የለኝም፤ የማር ሳራ ሰዎች ለሜንግስክ ባለዕዳ መሆናቸውን የሚክድ ዳኛ ዳኛ አይደለም።

በዚሁ ላይ የደም ጉዳይ ተነሣ። ሜንግስክ አባቱን፣ እናቱንና እኅቱን የተገደለበት፣ የትውልድ ፕላኔቱን ያመድ ክምር ያደረጉበት ደመኛ ነው ተባለ። በሀገራችን ደም መመለስ ምን ያህል ሥር የሰደደ ነገር እንደ ሆነ፣ ሽማግሌዎችም ደም ለማድረቅ ምን ያህል እንደሚደክሙ የምናውቅ ሰዎች ይህን ክርክር ቀለል አድርገን አናየውም። ነገር ግን በደም መመለስ ልማድ ውስጥ እንኳ ደመኛው የሚፈልገው ገዳዩን ወይም የገዳዩን የቅርብ ወንድ ዘመድ ነው፤ ሴትና ሕፃን መንካት ነውር ነው። የገዳዩን ሀገር ሰው በሙሉ የሚያስፈጅ ደመኛ በልማዱም ዘንድ ስም የለውም። ሌላም ነገር አለ። የሜንግስክ ቀኝ እጅ የነበረችው ሳራ ኬሪጋን አባቱን እንዲገድሉ ከተላኩት ሦስት የኮንፌደሬሲ ሰላዮች አንዷ ነበረች። ከልጅነቷ ጀምሮ በመንግሥቱ ተገድዳ የሠለጠነች፣ የሌላውን አእምሮ የማንበብ ኃይል ያላት ሴት ነች፤ ሜንግስክ ራሱ ከእስር አውጥቶ ጦሩ ውስጥ አስገባት። ይቅርታ ነው እንዳንል ኋላ የሆነው ነገር ያግደናል፤ በቀል ነው እንዳንል ደግሞ ለረጅም ጊዜ አምኗት ጦር አስመርቷታል። ደመኛ ነው የሚለው ክርክር ሜንግስክን በሚገባ የሚገልጸው አይመስለኝም፤ ደመኛ የሚፈልገውን ደም ካገኘ በኋላ ዙፋን አይፈልግም።

ለኮንፌደሬሲው የቀረበው መከራከሪያ ሥርዓት ከሥርዓት አልበኝነት ይሻላል የሚል ነበር። ብዙ አላቆይበትም። ኮራልን ያቃጠለ መንግሥት ስለ ሥርዓት የመናገር መብቱን በዚያች ቀን አጥቶታል። ከዚያም በላይ፣ ሬይነር፣ ጄከብስ ከሚባለው የምሥጢር ማዕከል የሰረቃቸው ሰነዶች እንዳሳዩት መንግሥቱ ስለ ዘርግ አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ዘርግን ወደሚፈልገው ቦታ የሚጠራ ሳይ ኤሚተር የሚባል መሣሪያም ሠርቶ ነበር። ሕዝቡን ከሚበላው ፍጥረት ጋር ጦር መሣሪያ ሊሆነው ይችላል ብሎ ሲለማመድ የነበረ መንግሥት ጠበቃ ሊቆምለት አይገባም ነበር፤ ይህን ወገን በዕጣ የደረሳት ተማሪ ግን ሥራዋን በትጋት ስለ ተወጣች ላመሰግናት እወዳለሁ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ለአማፂዎቹ የፈረዱት ሁሉ፣ ድጋፋቸውን ሲያብራሩ፣ ሜንግስክ እስከ ታርሶኒስ ድረስ ትክክል ነበር፤ ስሕተቱ ታርሶኒስ ላይ ነው የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ታርሶኒስ ላይ የሆነውን ጨዋታውን የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። የኮራል ልጆች የመዲናይቱን መከላከያ ከጣሱ በኋላ ሜንግስክ ሳይ ኤሚተሮቹን አስተክሎ ዘርግን በመላው ፕላኔት ላይ ጠራ፤ ፕሮቶሶች መጥተው ዘርግን ሊያቆሙት ሲሉ ደግሞ ኬሪጋን ወርዳ ፕሮቶሶችን እንድታግድ አዘዘ፤ እሷ ግዳጇን ፈጽማ በዘርግ ስትከበብና ማዳኛ ስትጠይቅ መርከቦቹን ይዞ ሄደ። ሬይነር በዚያች ሰዓት ከድቶ ወጣ። ሜንግስክም በፍርስራሹ ላይ አዲስ መንግሥት አውጆ ራሱን ንጉሠ ነገሥት አደረገ። እዚህ ላይ የሚከራከር የለም፤ ሁሉም ወንጀል ነው ይላል። እኔ የምለው ግን ፍርዱ ዘግይቷል ነው። ሜንግስክ ፍትሕን የለቀቀው ታርሶኒስ ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት አንቲጋ ፕራይም በምትባለው ቅኝ ፕላኔት ላይ ነው፤ የዚያን ዕለቱ ሙግት አንቲጋን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፏታል።

አንቲጋ ላይ የሆነው እንዲህ ነው። የአንቲጋ ሰዎች በኮንፌደሬሲው ተማርረው ለማመፅ ሲዘጋጁ ሜንግስክ ሬይነርንና ኬሪጋንን ላከላቸው፤ አመፁ በነሱ ርዳታ ተነሣ፤ ፕላኔቷ የአማፂው ጦር መቀመጫ ሆነች። የአንቲጋ ሰዎች ለሜንግስክ በራቸውን የከፈቱለት ወድደውና አምነውት ነው። ወዲያው ኮንፌደሬሲው በብዙ ጦር ከበባቸው። ያን ጊዜ ሜንግስክ ከጄከብስ ማዕከል በተሰረቀው ንድፍ የተሠራውን ሳይ ኤሚተር አወጣ። ትእዛዙ መሣሪያውን ወደ ከባቢው ጦር ሠፈር ማድረስ ነበር። ይህን ሚሽን ብዙ ጊዜ ቀርቤ አይቼዋለሁ፤ መሣሪያውን የምትሸከመው ተዋጊ አይደለችም፤ ማዕድን የምትቆፍር፣ ቤት የምትሠራ፣ የተሰበረ የምትጠግን ተራ የሥራ ማሽን ነች፤ ኤስ ሲ ቪ ይሏታል። ወታደሮቹ መንገድ እየጠረጉላት፣ እሷ ከኋላ ዝግ እያለች ትከተላለች፤ ምልክት የተደረገበት ቦታ ላይ ስትደርስ ሚሽኑ ያልቃል፤ «ድል» የሚለው ጽሑፍ ይወጣል። ዘርግ ደርሶ ያደረገውን ተጫዋቹ ቆሞ አያየውም። በአንቲጋ ከበባው ተሰበረ፤ የኮራል ልጆች አመለጡ።

የወጣቶቹ መከላከያ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ አንቲጋ ላይ የሞቱት ወታደሮች ናቸው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሌላ አማራጭ አልነበረም፤ ተከብበው ነበር፤ ባይጠቀሙበት ኖሮ ሁሉም ያልቁ ነበር የሚል ነው። ሁለተኛውን አልንቀውም። የተከበበ ሰው የሚመርጠውን ያልተከበበ ሰው በቀላሉ ሊፈርድበት አይገባም፤ ሜንግስክ አንቲጋ ላይ ያጋጠመው አደጋ እውነተኛ አደጋ ነበር፤ በታርሶኒስ ግን እንዲህ ያለ አደጋ አልነበረም። ይሁን እንጂ የጠራው ነገር ምን ዓይነት ነገር እንደ ሆነ እንመልከት። ዘርግ ከመጣ በኋላ «በቃ፣ ተመለስ» የሚለው የለም። ወታደሩን ከገበሬው፣ የከበበውን ከተከበበው አይለይም። ከባቢው ጦር የሰፈረው ደግሞ በባዶ አየር ላይ ሳይሆን በአንቲጋ መሬት ላይ ነው፤ ዘርግ የወረደውም በሩን ከፍቶ ባስገባው ሕዝብ መካከል ነው። አንቲጋን ለቅቆ መሄድ የቻለው መርከብ የነበረው ጦር ነው። ስለዚህ «የሞቱት ወታደሮች ናቸው» የሚለው መከላከያ ጨዋታው ያላሳየንን ነገር እንዳልነበረ የሚቆጥር መከላከያ ነው።

እዚህ ላይ በመምህርነቴ የማስተምረውን ሕግ ልጥቀስ፤ ከተሟጋቾቹ አንዱ «አማፂ ሕግ አይገዛውም፤ ሕጉ የጠላቱ ነው» ብሎ ስለ ነበር ጉዳዩ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጡት አራቱ የጄኔቫ ስምምነቶች ለአራቱም የጋራ የሆነ ሦስተኛ አንቀጽ አላቸው። ይህ አንቀጽ በሁለት መንግሥታት መካከል ላልሆነ ጦርነት፣ ማለትም ለእርስ በርስ ጦርነት የተጻፈ ነው፤ ግዴታውንም የሚጥለው በመንግሥቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በየትኛውም ተፋላሚ ወገን ላይ ነው። ጠመንጃ ያልያዘ፣ ወይም የጣለ፣ ወይም የቆሰለ ሰው ሊገደል፣ ሊሠቃይ አይገባም። አንቀጹ መጨረሻው ላይ የሕጉ ተፈጻሚነት የተፋላሚዎቹን ሕጋዊ አቋም እንደማይለውጥ ይናገራል፤ ይኸውም አማፂው ሕጉን ስላከበረ መንግሥት ሆነ ማለት እንዳልሆነ፣ መንግሥቱም ስላከበረው ለአማፂው ዕውቅና ሰጠ ማለት እንዳልሆነ ለማስረዳት ነው። በ1977 የተጨመረው አንደኛው ፕሮቶኮል ደግሞ በ51ኛው አንቀጹ፣ በአንድ ወታደራዊ ዒላማ ላይ ብቻ ሊነጣጠር የማይችል መሣሪያን መጠቀም በጅምላ የሚፈጅ ጥቃት መሆኑን ገልጾ ይከለክላል። ፕሮቶኮሉ በመንግሥታት መካከል ለሚደረግ ጦርነት የተጻፈ ቢሆንም ይህ ክልከላ ዛሬ በእርስ በርስ ጦርነትም ላይ የሚሠራ የልማድ ሕግ ሆኗል። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ስለ ዘርግ አልሰሙም፤ ሆኖም ስለ ዘርግ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተሻለ ቃል አይገኝለትም ነበር። ዘመናዊውን ሕግ ለማይወድ ደግሞ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20 አለለት፤ ወደ ከተማ ስትቀርብ አስቀድመህ በሰላም ቃል ጥራት፤ በከበባም ጊዜ የሚበላ ፍሬ የሚሰጠውን ዛፍ አትቁረጥ ይላል። ዛፉን እንኳ እንዲተርፍ ያዘዘ ሕግ አንቲጋን ምን ይላት ነበር?

የሳይ ኤሚተሩ ባለቤት ኮንፌደሬሲው አልነበረምን፣ በራሱ መሣሪያ ቢመታ ምን አለበት የሚል ጥያቄም ተነሥቶ ጭብጨባ አስገኝቶ ነበር። ለጭብጨባ የሚመች አነጋገር ነው፤ ግን የመሣሪያውን ሠሪ እንጂ የመሣሪያውን ሟች አያስታውስም። ኮራልን ያቃጠለው የኑክሌር ሚሳይልም የአንድ ሰው ፈጠራ ነበር፤ ሠላሳ አምስት ሚሊዮኑ ሕዝብ የሞተው በማን ፈጠራ መሆኑ ለሬሳው ለውጥ የለውም።

ብዙ ወጣቶች ጂም ሬይነርን የታሪኩ ንጹሕ ሰው ያደርጉታል፤ በዚህም ከነሱ ጋር በከፊል ብቻ እስማማለሁ። ታርሶኒስ ላይ ኤሚተሮቹ መተከላቸው በታወቀ ጊዜ ማን ፈቀደ ብላ መጀመሪያ የጠየቀችው ኬሪጋን ነች፤ አንቲጋ ላይ በወታደሮቹ ላይ የሆነው በራሱ ይበቃ እንደ ነበር የተናገረችውም እሷ ነች፤ ሬይነር ቃሏን ደገፈ። ታሪኩ ራሱ አንቲጋን የሚያስታውሰው በዚህች አጭር ንግግር ነው። ከንግግሯ የምንረዳው፣ ሁለቱም አንቲጋ ላይ የሆነው ነገር ሕሊናቸውን እንደ ቆረቆራቸው፣ ሆኖም በዚያን ጊዜ ዝም ብለው እንደ ቆዩ ነው። እሷ ተቃውማም ታዝዛ ወረደች፤ በዚያው በዘርግ እጅ ወደቀች፤ ኋላም የዘርግ ንግሥት ሆና ተመለሰች። ሬይነር ከጦሩ የወጣው የሚወዳት ሴት ስትጣል ነው። በዚህ ምክንያት አልነቅፈውም፤ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ የሚወስነው ብዙ ጊዜ አንድ የሚያውቀው ፊት ሲጠፋ ነው። ሆኖም የአንቲጋን ሰዎች አመፅ በእጁ ያስነሣ እሱ ነበርና፣ እነሱን በተመለከተ ጥያቄ ቀርቦለት ቢሆን ኖሮ መልስ አይኖረውም ነበር። ሌላው የሚገርመኝ የጄኔራል ዱክ ነገር ነው። ማር ሳራን ጥሎ የሄደው፣ ሬይነርን ያሰረው ጄኔራል፣ መርከቡ ወድቆ በዘርግ ሲከበብ ሜንግስክ አድኖ ከጎኑ አሰለፈው። የወጣቶቹ ተሟጋች ይህን «የፖለቲካ ብልሃት» አለው። የማር ሳራ ሕዝብ ግን አሳዳጁን አዲስ ካባ ለብሶ ከአዳኙ አጠገብ ሲያየው ምን ብሎ እንደሚጠራው ሊጠየቅ ይገባው ነበር።

ስለ ተጫዋቹም አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ፤ ከወጣቶቹ ጋር ስነጋገር ከሁሉ የበለጠ ያሳሰበኝ ይህ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ እምቢ ማለት አይቻልም። ማሽኗን ወደ ሠፈሩ ካላደረስህ ታሪኩ አይቀጥልም። አንዳንዶቹ «ስለዚህ እኛ ላይ ጥፋት የለም» ይላሉ። በእርግጥ የለባቸውም። ግን በዚህ አኳኋን የተሠራ ጨዋታ አንድ ታላቅ ነገር ያደርጋል፤ ተጫዋቹ የታዛዥ ሹም ቦታ ላይ እንዲቆም ያስገድደዋል፤ ትእዛዙ ሲመጣ ስለ መንገዱና ስለ ጠላት ብዛት እንጂ ስለ ትእዛዙ እንዳላሰበ ኋላ ሲያስታውስ ይደነግጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሁለተኛው ስታርክራፍት ግን ምርጫ ይሰጣል፤ በዘርግ የተበከለውን የሰፋሪዎች ሠፈር ፕሮቶሶች እንዲያቃጥሉት ልትፈቅድ ወይም ልትከላከልለት ትችላለህ። ችግሩ የትኛውንም ብትመርጥ ታሪኩ ራሱን አዙሮ ምርጫህን ትክክል የሚያደርገው መሆኑ ነው። ብትከላከል ሠፈሩ ይድናል፤ ብታቃጥል ደግሞ የሰፋሪዎቹን መሪ ዶክተር በእርግጥ ተበክላ ታገኛታለህ። ይህ በእኔ አስተያየት ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ምርጫ ያልሰጠው ጨዋታ ጸጸትን ትቶልን ነበር፤ ምርጫ የሰጠው ጸጸቱን ወሰደብን። ወጣቶቹ ሁለተኛውን የሚወዱት ስለ «ነጻነቱ» ነው፤ ምን እንደ ተወሰደባቸው ደጋግመው እንዲያስቡበት እለምናቸዋለሁ። በዚሁ በሁለተኛው ጨዋታ ሬይነር ሜንግስክ በራሱ አንደበት ታርሶኒስን ለዘርግ ሲሰጥ የተቀዳበትን ድምፅ አግኝቶ ለሕዝብ ያሰራጨዋል፤ እዚያም ላይ ቢሆን የተሰማው የታርሶኒስ ነገር ብቻ ነው። ስለ አንቲጋ የተሰራጨ ድምፅ የለም።

«እንግዲያው ትክክለኛው ወገን የቱ ነው?» ብሎ ከሙግቱ በኋላ አንድ ተማሪ በቁጣ ጠይቆኛል፤ ሁለቱንም መንቀፍ ከሁለቱም መሸሽ ይመስላል ብሎ ነው የተቆጣው። መብቱ ነው፤ መልስም ይገባዋል። ከሰዎቹ ጦርነት ውስጥ መልሱን ፈልጌ አላገኘሁም። እዚያው ጨዋታ ውስጥ ግን ማንም ያላነሣው ሌላ የእርስ በርስ ጦርነት አለ፤ የፕሮቶሶች ጦርነት። ታሳዳር የተባለው የጦር አለቃ፣ ሕዝቡ ሲያሳድዳቸው ከኖሩት ጨለማ ቴምፕላር ከሚባሉት ወንድሞቹ ጋር ካልተባበረ ዘርግን ማሸነፍ እንደማይቻል ተረድቶ ከነሱ ጋር ስለ ተስማማ፣ ኮንክሌቭ የሚባሉት የሃይማኖትና የመንግሥት አለቆች ከሃዲ ብለው እንዲያዝ አዘዙ። እሱም ታማኞቹን ይዞ በገዛ መዲናው ላይ ዘመተ። ተጫዋቹ ያንን ጦርነት በሚገባ እየመራ ሊያሸንፍ ሲቃረብ፣ ታሳዳር ፕሮቶስ ፕሮቶስን ሲገድል ማየት አልችልም ብሎ እጁን ለአሳዳጆቹ ሰጠ። ልብ በሉ፤ ትክክል ነበር፤ አሸናፊም ነበር፤ ጠላቶቹ ዘርግን በሚመለከት ተሳስተው ነበር፤ በእጁ ያለው ጦር ያንኑ ለማረጋገጥ ይበቃ ነበር። ወዳጆቹ ከእስር አስፈትተውት በመጨረሻ መርከቡን ይዞ የዘርግን ንጉሥ መትቶ ሲሞት፣ ያሰሩት ሰዎችም በሱ ሞት ዳኑ። አንቲጋ ላይ ሜንግስክ «ካልተጠቀምሁበት እናልቃለን» ያለበት ሰዓትና ታሳዳር እጁን የሰጠበት ሰዓት አንድ ዓይነት ሰዓት ነው ብዬ አልከራከርም፤ ሜንግስክ እጁን ቢሰጥ ይገደል ነበር፤ ከሱ ጋር ያሉትም እንዲሁ። ግን ታሳዳርም በአሳሪዎቹ ዘንድ ሞት የሚፈረድበት ሰው ነበር። ልዩነቱ ታሳዳር ራሱን መክፈሉ፣ ሜንግስክ ያመኑትን ሰዎች መክፈሉ ነው።

ለወጣቱ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፤ ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም። ፕሮቶሶች ማር ሳራንም ከነሕዝቧ ያቃጠሉ መሆናቸውን አስታወሰኝ፤ የታሳዳርም መርከቦች ከነዚያ መካከል ነበሩ። እውነቱን ነው። ታሳዳር ከዚያ በኋላ ፕላኔቶችን እንዲያቃጥል በድጋሚ ሲታዘዝ እምቢ ማለቱ ይመዘንለት ይሆናል፤ ይሁንና ለሞቱት ሰዎች ምን እንደሚመዝን እኔም አላውቅም። ይህን ጥያቄ ለሚቀጥለው ሙግት ርእስ አድርጎ እንዲያቀርበው አበረታትቼዋለሁ።

አንባቢዎች በሐሳቤ ካልተስማሙ በዚሁ ዓምድ እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ። በተለይ የአንቲጋው ውሳኔ ትክክል ነበር ብሎ የሚያምን ሰው፣ ከበባውን ብቻ ሳይሆን አመፁን አምነው በራቸውን የከፈቱትን ነዋሪዎች ጨምሮ ቢጽፍ፣ ጽሑፉን ለተማሪዎቼ በክፍል ውስጥ አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር፣
የሥነ ዜጋ መምህር፣ ባሕር ዳር